እትዬ በለጡ እና የላይኛው መሻገሪያ

የዚያን ቀን ላይኛው መሻገሪያ ዘንድ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን።

እትዬ በለጡ ከሁላችንም ፊት፣ ውሃው ጫፍ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። በትራቸውን ውሃው ውስጥ ተክለዋል። ከኋላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው የሆኑ ሦስት እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን እንዳዘሉ፣ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ከእነሱ በስተግራ፣ አንድ ቅርፊቱ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሥር፣ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር አባላት የሆኑ አምስት ሴቶች አሉ። አስካለ ከአምስቱ ሦስተኛዋ ናት፤ በሸክሟ ላይ ጋቢ ደርባለች። አብዮት ጠባቂው ተስፋዬ ጠመንጃውን አንግቶ ከበላያችን ካለው ጉብታ ላይ ቆሟል፤ ጀርባው ወደ ውሃው ነው። እኔ በጠባቂውና በሴቶቹ መካከል ነኝ። ደብተሩና ሰዓቱ ያለው እኔ ጋ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አብሮን አልነበረም።

ይህን ዝርዝር እንዲህ አድርጌ መጻፍ የነበረብኝ በሦስተኛው ቀን ነበር። አልጻፍኩትም።

እትዬ በለጡ ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ወር፣ ጳውሎስ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። የነገረችኝ ወርቄ ናት፤ ከሦስቱ እንጨት ተሸካሚዎች አንዷ። እሷም አርጅታለች፣ ወገቧ አልተቃናም።

«እትዬ በለጡ አረፉ፤ ሰማሽ?» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሦስተኛ ሳምንታቸው። ቁስቋም ነው የተቀበሩት።» የያዘችውን ወረቀት አጠፍ ዘርጋ አደረገችና፣ «ላንቺ የሚነግርሽ አይኖርም ብዬ ነው» አለች።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ስወጣ ሄዳለች።

ያኔ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ከእንጦጦ ተነሥቶ በቁስቋም በኩል ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው የእግር መንገድ ዳር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ እዚያ ጸሐፊ ሆንኩ። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ስለ ነበር የሚወጣውንም የሚወርደውንም አያለሁ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ገና ሳይነጋጋ ይወጣሉ፣ ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። ከፊት የሚቀድሙት ሁልጊዜ እትዬ በለጡ ናቸው።

አጭር ሴት ነበሩ። አንገታቸው ወፍራም፣ እግራቸው ሰፊ፣ ሸክም በሌለባቸው ቀን እንኳ የሚራመዱት ግንባራቸውን አስቀድመው ነው። ሲያነጋግሩ የሰው ፊት አያዩም፤ የሚያዩት እግር ነው። መጀመሪያ ያነጋገሩኝ ቀንም ስለ ጫማዬ ነበር።

«ይቺ የቢሮ ናት» አሉኝ። «አዲሱ ገበያ ታደርስሽ ይሆናል። ወደ ላይ ግን እንዳትሞክሪያት።»

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሸክማቸውን የሚያሳርፉበት የግንብ አጥር ነበር። እዚያ ሲደርሱ ሰው ይከባቸዋል። ጸበል የሚወጡ ሕመምተኞች፣ ከላይኛው ደብር የሚመላለሱ ካህናት፣ ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶች፣ ላይ ዘመድ ያለው ሁሉ እሳቸውን ሳይጠይቅ አይሄድም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «እትዬ በለጡ፣ መንገዱ እንዴት አደረ?»

እሳቸውም አንድ በአንድ ይናገራሉ። «ጠባቡ መውጫ ድጥ ነው፤ በሣሩ በኩል ርገጡ። ቅጠል የተኛበትን ቦታ አትመኑ፤ ከሥሩ ሳሙና ነው። ታችኛው መሻገሪያ ሁለተኛው ድንጋይ ተንከባሏል፣ ዘላችሁ ሦስተኛውን ያዙ። ላይኛው ደኅና ነው፣ እስከዚህ።» «እስከዚህ» ሲሉ እግራቸውን አንሥተው በእጃቸው ይመቱታል። ቁርጭምጭሚታቸውን ከመቱ ሕፃን ያዘለችም ትሻገር ማለት ነው። ባታቸውን ከመቱ በትር ያስፈልጋል። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ጧ ካደረጉ ሰዉ ሳይናገር ዞሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ክረምቱን ብዙም አይፈሩትም ነበር። በክረምት ውሃው መሙላቱን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል። የሚፈሩት በልግን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ መንገዱ ከላይ ደርቆ ቅርፊት ያበጃል፣ ከሥሩ ግን ገንፎ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ልብስ ተሰጥቶ እያለ እንጦጦ ጫፍ ላይ ይዘንባል፤ ዝናቡን ያላየ ሰው በባዶ ወንዝ ውስጥ ሲሄድ ደራሹ ጎርፍ ከኋላው ይመጣል።

ቀልድ ያውቃሉ። አንድ ቀን አንድ መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ «በለጡ፣ ዛሬ ያሻግራል?» ብለው ጠየቋቸው።

«እርስዎን ያሻግራል አባቴ። ጃንጥላዎን ግን ነፋሱ ከፈለገው እኔ የለሁበትም።»

ሌላ ቀን ተስፋዬ፣ ያው አብዮት ጠባቂው፣ ለማሾፍ ብሎ፣ «እናትዬ፣ ከሰዓት ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ቁርጡን ንገሪና» አላቸው።

«ከእግዜር ጋር ስብሰባ አልተቀመጥኩም» አሉ። «ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ እነግርሃለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠ። የሊቀመንበሩ መስኮት ክፍት ነበር።

አንድ ሥርዓት ነበራቸው። እንጨት ተሸካሚ ሴት ገመዱን ከሸክሙ ሥር አሳልፋ በሁለት ትከሻዋ ታመጣና ደረቷ ላይ ትቋጥረዋለች። የእትዬ በለጡ ሴቶች ቋጠሮውን የሚቋጥሩት አንዱን ጫፍ ሲስቡት ባንዴ እንዲፈታ አድርገው ነው። ውሃ ዘንድ ሲደርሱ እሳቸው ይቆሙና እያንዳንዷን፣ «ጫፉን አሳዪኝ» ይላሉ። ሴትዮዋ ጫፉን በእጇ ይዛ ታሳያለች፤ እንደያዘች ትሻገራለች። ከወደቀች ትስበዋለች፣ ሸክሙ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ጫፏን ያላሳየች ውሃው ውስጥ አትገባም። ለምን እንደሆነ ወርቄን ጠይቄያት ነበር። «በእህታቸው ምክንያት ነው» አለችኝ። «ውሃ ወሰዳት ሲባል ይቆጣሉ። ውሃ አይደለም፣ እንጨቱ ነው የወሰዳት ይላሉ።»

የምሥራቁ ጦርነት የበረታበት ዓመት ነበር። ለሚሊሺያው ስንቅ እንድናዘጋጅ ታዘዝን፤ በየቀበሌው ለበሶ ገብስ ይቆላል፣ ዳቦ ቆሎ ይጋገራል። ማገዶ አለቀ። ሊቀመንበሩ የሴቶች ማኅበር አባላት ራሳቸው ወጥተው እንጨት ይዘው እንዲወርዱ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹም መንገድ እንዲመሩ ወሰነ። ለመጀመሪያው ዙር አምስት ሴቶች ተመረጡ። እኔ ዝርዝሩን ይዤ እንድከተል፣ ተስፋዬ ደግሞ የደን ጠባቂዎች እንዳያስቸግሩን አብሮን እንዲወጣ ተደረገ።

በሰፈራችን እንጨት ተሸክሞ መታየት ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ለሚያነብ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ረሃብ አያሳፍርም ነበር፤ ይደበቃል። ጀርባ ላይ ያለ እንጨት ግን አይደበቅም። አስካለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ልብስ ስፌት ተምራ ቤቷ ውስጥ ትሠራለች። ሥርዓት ያላት፣ የቀሚሷን ጠርዝ ሳታይ ከቤት የማትወጣ ልጅ ነበረች። ስሟ መጠራቱን በሰማችበት ቀን ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣች።

«እኔ እንጨት ተሸክሜ በእናቴ በር ላልፍ ነው? ቀሚስ የምሰፋላቸው ሴቶች ሁሉ እያዩኝ?»

«ትዕዛዝ ነው፣ ምን ላድርግሽ» አልኳት።

«ሌላ ሰው ጻፊ።»

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ባይሆን ጋቢ ደርቢበት፤ ጎንበስ ካልሽ ማን ይለይሻል?»

ያልኳት ይኸው ነው። ምክር መስጠቴ ነበር።

ሚያዝያ ነው። ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እትዬ በለጡ ከፊት ሆነው በሴቶቹ እያሾፉ፣ እያበረታቷቸው ነበር የወጣነው። «እመቤቶች፣ ሳሎን አይደለም፣ እግራችሁን እዩ! አንቺ፣ ቅርንጫፉን አትያዥ፣ ደረቅ ነው፤ ከያዝሽም ሥሩን ያዢ። ጸሐፊዋ ደብተሯን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ብትወድቅ ደብተሩ ያነሣታል።» ሴቶቹ ይስቃሉ። አስካለም ስቃለች።

እንጨቱ ላይ ተሰብስቦ ሲታሰር እትዬ በለጡ ለአምስቱም ገመድ ሰጡ፣ ቋጠሮውን አሳዩ። አስካለ ገመዱን ተቀብላ ትንሽ ራቅ አለች። ገመዱ ደረቷ ላይ ሲወጣ እንጨት ተሸካሚ መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ገመዱን እንጨቱን ለማሰር ብቻ አዋለችው፤ ሸክሙን ከሰውነቷ ጋር ያሰረችው በመቀነቷ ነው። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከላይ ጋቢ ደረበች። ይህን አይቻለሁ። ለእትዬ በለጡ አልነገርኩም፤ የሴት ምስጢር ነው ብዬ ያዝኩላት።

ስንወርድ ከጀርባችን፣ ከጫፉ ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እኛ ጋ ጠብ አላለም። ላይኛው መሻገሪያ ስንደርስ እትዬ በለጡ በትራቸውን ውሃው ውስጥ ተከሉና ቆሙ። ቆየት አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከውሃው ላይ የሆነ ነገር አነሡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

«ሸክም አውርዱ። እንቀመጥ» አሉ።

«ምን ሆነ እትዬ በለጡ?» አልኳቸው።

«ይኸው፣ አረንጓዴ ነው። ትኩስ ቅጠል ነው የያዘው። ላይ ዝናቡን አውርዶታል፣ ደራሽ ይመጣል።»

«ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም እኮ።»

«አሁን ነዋ። አንድ ሰዓት ነው፣ ይመጣል፣ ያልፋል። ቁጭ ብለን እንየው።»

ተስፋዬ ከጉብታው ላይ ሳይዞር፣ «ምንድነው የገተራችሁ? ሽርሽር ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ሰዓቴን አየሁ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚመጡ ሰዎች በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የስንቁን ሥራ ሊያዩ ነው፤ እነሱ ሳይደርሱ እንጨቱ ግቢ ውስጥ መከመር አለበት ተብያለሁ። ሊቀመንበሩ ጣቱን እየቀሰረ ነው የነገረኝ።

«እትዬ በለጡ፣ ትዕዛዝ ነው» አልኩ። «በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መድረስ አለበት።»

«ትዕዛዙን ለውሃው ንገሪው» አሉኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። ወርቄ ሸክሟ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ደብተር ይዤ መሳቂያ ሆንኩ።

«እኔ በኃላፊነት ነው የምናገረው» አልኩ። «ተሻገሩ ብያለሁ።»

እትዬ በለጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት። ከዚያ ዞሩ። «እንግዲያው ጫፋችሁን አሳዩኝ» አሉ።

ባልደረቦቻቸው ተሻገሩ። ከማኅበሩ ሁለቱ እጃቸውን እየተያዙ ተሻገሩ፤ እትዬ በለጡ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። የአስካለ ተራ ደረሰ።

«ጫፉን አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«ይዤዋለሁ» አለች አስካለ፣ ጋቢዋን ከውስጥ አጥብቃ።

«ልየው።»

«እትዬ፣ ሰው ፊት ደረቴን ልግለጥ?» በዓይኗ ወደ ተስፋዬ አመለከተች።

«ማንም አያይሽም። ልየው ብቻ።» እጃቸውን ወደ ጋቢው ሰደዱ።

እኔ ከኋላ፣ «ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ!» አልኩ።

አስካለ እጃቸውን በእጇ መልሳ ውሃው ውስጥ ገባች። እትዬ በለጡ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ነበሩ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ድምፁ መጣ፤ ከባድ መኪና ድልድይ ላይ ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። ውሃው ከጉልበት ብዙም አልበለጠም። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቡናማ ውሃ ነበር። እግሯን አዳለጣትና ሸክሙ ወደ ኋላ ጎትቶ በጀርባዋ አስተኛት። እትዬ በለጡ በትራቸውን ጥለው ተወረወሩ። ጋቢውን ያዙ። ጋቢው ብቻውን እጃቸው ላይ ቀረ።

ያገኘናት ስልሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ እንጨቱ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰንቅሮ ነው። እሷ ከሥሩ ነበረች። እትዬ በለጡ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ሞከሩት፤ ረጥቦ ጠብቋል። በመጨረሻ የቅጠል ማጭድ አምጥተው ቆረጡት። ጣቶቻቸው ደምተው ነበር። እኔ ወደ ውሃው አልገባሁም፤ ዳር ቆሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ።

«ስሚ፣ እኔ በዝናብ ተሻገሩ አላልኩም። አንቺም አላልሽም። መንገዱን የመራችው ማናት?»

«እትዬ በለጡ።»

«በቃ። እሱን ጻፊ።»

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ወርቄና ሌሎቹ ሁለቱ እንጨት ተሸካሚዎች አልተጠሩም። ተስፋዬ፣ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ አላየሁም» አለ፤ እውነቱን ነው። ከማኅበሩ የተረፉት አራቱ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ሊቀመንበሩ ሴትዮዋ በስብሰባና በትዕዛዝ የምታላግጥ መሆኗ የታወቀ ነው፣ ለስንቅ የታዘዘውን እንጨት ለማሰናከል ነው ያን መሻገሪያ የመረጠችው አለ። እትዬ በለጡ ተነሥተው ቆሙ።

«ቁጭ በሉ ብያለሁ» አሉ። «ደራሽ ይመጣል፣ ሸክም አውርዱ፣ ቁጭ በሉ ብያለሁ። ጸሐፊዋ ነበረች፤ ትናገር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እማማ ጥሩነሽ፣ የአስካለ እናት፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበሩ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ውሃው ይጮህ ነበር።»

እትዬ በለጡ በተናገሩበት ሰዓት ውሃው ገና አልመጣም ነበር። እንኳን የሳቸውን ድምፅ፣ የቅጠሉን ኮሽታ እሰማ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፣ ተነሥቼ አነበብኩ፣ ፈረምኩ። ፈርቼ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሥራ አንድ ወር በቀበሌው እስር ቤት ቆዩ። እስር ቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ለመታጠብ ሲወጡ አያቸዋለሁ። ወደ ተራራው ያያሉ እንጂ ወደ መስኮቴ አያዩም።

በእነዚያ ወራት እማማ ጥሩነሽን ሳልጠይቅ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። እናቴን በልጅነቴ አጥቻለሁ። እሳቸው ደግሞ አንድ ልጃቸው ነበረች። የእሷን ወንበር ሰጡኝ። ስመጣ ምሳ ያቆዩልኛል፣ ሳል ከያዘኝ ጤና አዳም ያሸቱኛል። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ «ይቺ እጅ ናት የልጄን እጅ የያዘቻት፤ ማውጣት ቢያቅታትም ይዛታለች» አሉኝ። ማን እንደዚያ ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። አልያዝኩም አላልኩም። ከዚያ እትዬ በለጡን ረገሙ፤ ዝም ብዬ ሰማሁ።

እትዬ በለጡ ሲፈቱ ዳግመኛ በልግ ገብቶ ነበር። በማግሥቱ ገመዳቸውን ይዘው ወጡ። ብቻቸውን ነበሩ። የእማማ ጥሩነሽ ቤት መንገዱ ላይ ነው፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሁሉ በዚያ በር ያልፋሉ፣ የሚጠጡትን ውሃ የሚያገኙትም ከዚያ ቤት ነበር። እማማ ጥሩነሽ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ከእሷ ኋላ የምትሄድ ሴት ከዚህ ቤት ውሃ አትቅመስ፣ የሰው ልጅ አስበልታለች» ብለው ነበር። ሴቶቹ ተለዩዋቸው። ብቻዋን የምትሄድን ሴት ደግሞ የደን ጠባቂዎች አይለቋትም፤ ሁለት ጊዜ እንጨታቸውንም ገመዳቸውንም ወሰዱባቸው። ግንቡ ዘንድ ሲያርፉ ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፣ መንገዱ እንዴት አደረ የሚል የለም። አንድ ጠዋት ጸበል የምትወጣ አንዲት ሴትዮ ልትጠይቃቸው ቆም ስትል አብራት ያለችው ጎተተቻት። እትዬ በለጡ ግን እግሯን አይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ታችኛውን ተዪው፣ በላይኛው ሂጂ» አሉ። ሴትዮዋ በታችኛው ሄደች።

አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጡ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሙ።

«ጸሐፊዋ።»

«እትዬ በለጡ... እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎት። ይግቡ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«ቀበሌ ሂጂልኝ አልልሽም» አሉ። «ወረቀቱ እንደ ተጻፈ ይቅር። የታሰርኩትንም ታስሬዋለሁ። ለእማማ ጥሩነሽ ብቻ ንገሪልኝ። ቁጭ በሉ ማለቴን። ተሻገሩ ያለው ማን እንደሆነ አትንገሪያቸው፤ እሱን አልፈልገውም። እኔ ቁጭ በሉ ማለቴን ብቻ ይስሙ።»

ዓይኔን ወደ ልብስ ማጠቢያው መለስኩ።

«ሴቶቹ ካልተመለሱ በዚህ ክረምት መውጣት አልችልም» አሉ። «ሌላ ሥራ አላውቅም። ደግሞም... ጫፉን ሳላይ አሳልፌያታለሁ። እሱ የእኔ ነው፣ እሸከመዋለሁ። ያላደረግሁትን ግን አልችልም።»

«እሺ» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን።»

አብረን ወጣን። ትናንት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነበር። እሳቸው ከፊት ይሄዳሉ፤ ዞር ሳይሉ፣ «እዚህ ጋ በቀኝ። ያቺን ድንጋይ አትርገጫት፣ ትዞራለች» ይሉኛል። እንደ ድሮው። በረገጡበት እየረገጥኩ ሄድኩ። አፌ ውስጥ ቃሉን አዘጋጅቼው ነበር፤ አጭር ነው። እትዬ በለጡ ቁጭ በሉ ብለው ነበር፣ ሰምቻለሁ። ደጋግሜ አልኩት።

እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ነበሩ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከኋላዬ ያለውን ሲያዩ ደግሞ ጠፋ። በሩ ጋ ስንደርስ እትዬ በለጡ እኔን አስቀድመው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ጸሐፊዋ የምትነግርዎት አላት፣ እማማ ጥሩነሽ» አሉ እትዬ በለጡ። «እኔ አልገባም። እዚህ ሆኜ እጠብቃለሁ።» ከደጃፉ ወዲያ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ገባሁ። በሩ አልተዘጋም። እማማ ጥሩነሽ በአስካለ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው መደቡ ላይ፣ ጉልበታቸው ጉልበቴን እስኪነካ ተጠግተው ተቀመጡ። እጄ ገና የሳሙና ሽታ ነበረበት። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ምነው ቀዘቀዘሽ? ምንድነው የምትነግሪኝ፣ ልጄ?»

ውጭ ድምፅ አልነበረም። እትዬ በለጡ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ፤ ከሦስት ክንድ አይርቁም ነበር። እማማ ጥሩነሽ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እነግራቸውና ሰማሽ ወይ ይሉኛል፤ ሰማሁ እላለሁ። ከሰማሽ ለምን በዚያን ቀን አልሰማሁም አልሽ ይሉኛል። ከዚያ እጄን ይለቁታል።

«ምንም» አልኩ። «ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«እሷስ?»

«መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው።»

እትዬ በለጡ ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ወደ ላይ ሄዱ።